«ሥራ አጥ ያልነበረበት ዘመን» ከወሎ ገጠር ሲታይ፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ሰው የተነጋገረበት አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የፕሬዝዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን የኢኮኖሚ ታሪክ የሚተቹ ሰዎች ያልኖሩበትን ዘመን የሚያጣጥሉ ናቸው ይሉና በስድስት ነጥብ ይሟገታሉ። በዚያ ዘመን ሥራ አጥ አልነበረም፤ ኑሮ ርካሽ ነበር፤ ብር ጠንካራ ነበር፤ ፋብሪካ ተተክሏል፤ የ1977ቱን ረሃብ ድርቅ እንጂ መንግሥት አላመጣውም፣ ሰፈራውም ለወሎ ገበሬ መሬትና ሥራ ሰጥቷል፤ ጦርነቱ ባያደናቅፍ ኖሮ የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ አገሪቱን ይለውጣት ነበር። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ጸሐፊውን ለዚህ ያነሣሣቸው ቁጭት ይገባኛል። ከሐብሩ፣ ከወረባቦና ከቃሉ የሚነሡ ልጆች ወደ ጅቡቲ ወርደው፣ ባሕር ተሻግረው፣ የየመንን በረሃ አቋርጠው ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ይሞክራሉ። በሬና ላም ሸጦ ለደላላ የሚከፍል ቤተሰብ በየቀበሌው አለ። ይህን እያየ የሚኖር ሰው «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን የወሎ ሰው ለወሎ ሰው ስለ ገበሬው ኑሮ በጻፉት በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ «ኮታ»፣ ማለትም ገበሬው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ የሚገደድበት የእህል መጠን፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ይህን ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። መንግሥቱ «ፕሬዝዳንት» የተባሉት የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) በተመሠረተበት በ1980 ዓ.ም. ዋዜማ ቢሆንም፣ ዋናው ሥልጣን ከጥር 1969 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃቸው ነበር። ጸሐፊው ዘመኑን በሙሉ በእርሳቸው ስም ስለሚቆጥሩ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ፤ ደርግ በመጀመሪያ ዓመታት ያወጣቸውንና እርሳቸው እስከ መጨረሻው ያጸኗቸውን ዐዋጆችም ከዚያው እደምራለሁ።

ከሥራው ልጀምር። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ተማሪ መንግሥት በምደባ ሥራ ይሰጠው እንደ ነበር እውነት ነው። መነሻ ደመወዙም 500 ብር ነበር። ጸሐፊው ያልጨመሩት ነገር በዘመኑ ማብቂያ ላይ በመላ አገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባ፣ ዓለማያና አሥመራ፣ ሦስት ብቻ መሆናቸውን ነው። ወሎ ውስጥ አንድም አልነበረም። ጥቂት ሰው አስተምሮ ለጥቂቱ ሥራ መስጠት ለማንኛውም መንግሥት አይከብድም። ሥራ ስለ ነበረውና ስላልነበረው ሰው የምንነጋገር ከሆነ ግን መጠየቅ ያለብን ከአሥር ሰው ስምንትና ዘጠኙ፣ ማለትም ገበሬው፣ ምን ሆነ የሚለውን ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን አጥፍቷል። ለዚህ ምስጋና መንፈግ ነውር ነው፤ በወሎ የአራሽን ጉልበት የበላ ሥርዓት ያከተመው በዚያ ዕለት ነው። ነገር ግን ያው ዐዋጅ ገበሬው ሰው ቀጥሮ እንዳያሳርስ ከልክሏል፤ የተፈቀደው ለአቅመ ደካሞች፣ ለባል አልባ ሴቶችና ለመሳሰሉት ብቻ ነበር። መሬት ማከራየትም ተከለከለ። በሬ የሌለውና ጉልበቱን ብቻ የያዘ ጎረምሳ በሰፈሩ በሕግ ተቀጥሮ የሚሠራበት በር ተዘጋበት ማለት ነው።

ወትሮም ቢሆን የወሎ ገበሬ በማሳው ብቻ ኖሮ አያውቅም። ዝናብ ሲያጥርና አዝመራ ሲከዳ ወንዱ ስንቁን ቋጥሮ ይወጣ ነበር። ወደ ሰቲት ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ወደ አዋሽ ለጥጥ ለቀማ፣ ወደ ጅማ ለቡና ይሄዳል። የተንዳሆ የጥጥ እርሻ የሚገኝበት አውሳ በዚያን ጊዜ ራሱ የወሎ አውራጃ ነበር። ሰውየው በሁለትና በሦስት ወር ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ይመለስና እህል ይገዛበታል፣ ዕዳ ይከፍልበታል፣ ቢተርፈው ጥጃ ይጨምርበታል። በክፉ ዓመት ቤተሰብ የሚተርፈው በዚህ ነበር። ትልልቆቹ የግል እርሻዎች ተወረሱ፤ ሁመራ በጦርነት ታመሰች፤ ገበሬው ከቀዬው ለመንቀሳቀስ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት የሚጠይቅ ሆነ። ወረቀቱን የሚሰጠውም የሚከለክለውም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። በየትኛውም የሥራ አጥነት መዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን የብዙ ሺህ አባወራዎች መተንፈሻ የነበረ ሥራ በዚህ መንገድ ጠፋ። ጸሐፊው የቢሮ ወንበርን ቆጥረው ይህንን ዘለሉት።

ከተማ ውስጥስ ማን ይቀጥር ነበር? በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ዐዋጅ የግለሰብን ካፒታል ለችርቻሮ ከ200,000፣ ለጅምላ ከ300,000፣ ለኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር እንዳያልፍ ወሰነ። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ንግድ ፈቃድ አይሰጠውም። ባንኮቹ፣ ኢንሹራንሶቹና ትልልቆቹ ድርጅቶች በ1967 ዓ.ም. አስቀድመው ተወርሰዋል። ደሴ ላይ ሱቅ ያለው ታታሪ ነጋዴ ያተረፈውን ገንዘብ ይዞ የዘይት መጭመቂያ ልትከል ቢል አይችልም፤ ሁለተኛ ፈቃድ ነውና። ስለዚህ የሚቀጥረው ሠላሳ ሰው አልተቀጠረም። ያልተቀጠረ ሰው ፎቶግራፍ ስለሌለው በትዝታ ውስጥ አይመጣም።

ሥራ ፈት ወጣት በመንገድ ላይ አይታይም ነበር ይላሉ ጸሐፊው። የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በመንገድ ላይ የተገኘ ወጣት ይታፈስ ነበር። በገበያ ቀን፣ በሌሊት ከቤት፣ ከእርሻ ላይ ተይዞ ተወስዷል። ልጆቻቸውን በጎተራና በገደል የደበቁ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እነዚያን ልጆች «ሥራ ያገኙ» ብሎ መቁጠር እናቶቹን ማሳዘን ነው።

ኑሮ ርካሽ ነበር የሚለው ነጥብ ከሁሉም በላይ ሰሚ ያለው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በከተማ ቀበሌ በሚቆጣጠረው የኅብረት ሱቅ በኩል እህል፣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በተወሰነ ዋጋ በራሽን ይታደል ነበር። ሰልፉ ረጅም፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ዋጋው ዝቅተኛ ነበር። ጸሐፊው የሚያስታውሱት ይህንን ነው፤ ትዝታቸውም ትክክል ነው። ጥያቄው ያንን ርካሽ እህል ማን ከፈለበት የሚለው ነው።

በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። የሚሰበሰበው እህል መጠን ከላይ ይወሰንና ለክፍለ ሀገር፣ ለአውራጃ፣ ለወረዳ እየተከፋፈለ ይወርዳል፤ በመጨረሻ የገበሬ ማኅበሩ መሪዎች በየአባወራው ያደላድሉታል። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ ከገበያው ዋጋ እጅግ ያነሰም ነበር። ማሳው ምን ሰጠ፣ ቤተሰቡ ስንት ነው የሚለውን በቅጡ የሚጠይቅ አልነበረም። ኮታውን ያልሞላ ከማኅበሩ ሱቅ ጨውና ስኳር ይከለከላል፣ ይታሰራል፣ ንብረቱም ይያዝበታል። ስለዚህ አዝመራው የጎደለበት ገበሬ ምን አደረገ? ፍየሉን ሸጠ፤ በገበያ ዋጋ እህል ገዛ፤ የገዛውን እህል በመንግሥት ዋጋ ለድርጅቱ አስረከበ። ይህ በጥናት የተመዘገበ ነው፤ በወሎ ገጠር ዕድሜው የደረሰ ማንኛውም ሽማግሌም ሳይጠየቅ የሚናገረው ነገር ነው። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ገበሬ ኪስ ወጥቶ ወደ ከተማው የራሽን ደብተር ገባ። ርካሽ ኑሮ የተባለው ድሃው ገበሬ ለደመወዝተኛው የከፈለው ግብር ነው። ጸሐፊው የከተማ ልጅ ሆነው ያደጉ ይመስለኛል፤ ያ መሆኑ ጥፋት አይደለም። የበሉት እህል ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቁ ዘመኑን በሙሉ ማመስገን ግን ጥፋት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እህል ነጋዴው ከገዛው ቢያንስ ግማሹን ለድርጅቱ በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ ትርፍ አምራች በሆኑ አንዳንድ አካባቢዎች የግል የእህል ንግድ ጨርሶ ተከልክሎ ነበር። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ እህል መጫን ወንጀል ሆነ። በጎጃም ገበያ ዋጋ ያጣ እህል ወደ ላስታና ወደ ዋግ መድረስ አቃተው። ከጥንት ጀምሮ የወሎን ጉድለት የሚሞላው ነጋዴው ነበር፤ በአህያም፣ በበቅሎም፣ በመኪናም እየጫነ እህል ካለበት ወደ ሌለበት ያመጣል። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ከብቱንና ግመሉን ይዞ ሲገናኙ ስንት ሰው እንጀራ እንደሚያገኝ ያውቃል። ሲራራ ነጋዴው፣ ጫኙ፣ ደላላው፣ እህል ሰፋሪው፣ ለመንገደኛ ምግብ የምትሸጠው ሴት፣ ሁሉም በዚህ ሰንሰለት ይኖራሉ። ኬላው የዘጋው እህሉን ብቻ አልነበረም፤ የእነዚህንም ሥራ ነው። ሥራና ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነጥቦች አድርገው ጸሐፊው ይለያዩአቸዋል እንጂ በወሎ አንድ ነገር ነበሩ።

የብርን ጥንካሬ በተመለከተ ብዙ አልልም። አንድ ዶላር 2.07 ብር የነበረው መንግሥት በዚያ ዋጋ ስለ ወሰነው ነው፤ ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ የሚልክ ሁሉ በዚያ ተመን ይጎዳ ነበር፣ በጥቁር ገበያም ዶላር ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ተመኑ ወደ 5 ብር ሲስተካከል በወረቀት ላይ ብቻ ይኖር የነበረ ጥንካሬ ተገለጠ።

የኮምቦልቻን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጸሐፊው በትልቁ ያነሡታል። ፋብሪካው በዚያ ዘመን መተከሉ እውነት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን በዚያ ደመወዝ አሳድጓል፤ ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እንዲሁ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን አንድ ፋብሪካ የአንድን ክፍለ ሀገር የ17 ዓመት ኢኮኖሚ አይወክልም። የአገሪቱ ሀብት በብዛት የፈሰሰው ወዴት እንደ ነበር ይታያል፤ ከታረሰው መሬት ከአምስት በመቶ የማይበልጠውን የያዙት የመንግሥት እርሻዎች አብዛኛውን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይወስዱ ነበር። ዋናውን እህል የሚያመርተው አነስተኛ ገበሬ የደረሰው ኮታና መዋጮ ነው፤ ለወጣቶች ማኅበር፣ ለሴቶች ማኅበር፣ ለእናት ሀገር ጥሪ ይከፍላል።

በተራሮቻችን ላይ የተሠራውን እርከንም ጸሐፊው እንደ ሥራ ዕድል ቆጥረውታል። እርከኑ በእርግጥ ጠቃሚ ሐሳብ ነበር፤ በአብዛኛው የተሠራው ግን ከውጭ በመጣ የምግብ ዕርዳታ፣ በቀን 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት እየተከፈለ ነው። ተራራው የማን እንደሆነ ገበሬው ስላልተነገረውና ሳይጠየቅ ስለ ተከለለበት፣ መንግሥት ሲወድቅ ብዙው ዛፍ ተቆረጠ፣ ብዙውም እርከን ፈረሰ። ሕዝቡ ዛፍ ጠልቶ አይደለም።

አሁን ልብ ወደሚያደማው ነጥብ መጣሁ። ድርቁን መንግሥቱ አላመጡትም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በልጉ ሲከዳ፣ ክረምቱም ሲያጥር ማንም ቢሆን ሰማይን ማዘዝ አይችልም። ነገር ግን ድርቅ ወደ ረሃብ የሚለወጠው ሰው ጎተራው ባዶ፣ ኪሱ ባዶ፣ መንገዱም ዝግ ሲሆን ነው። ጎተራውን ኮታው አጉድሎታል፤ ኪሱን የቀን ሥራው መጥፋት አራቁቶታል፤ መንገዱን ኬላው ዘግቶታል። የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ በዚህ ላይ ተጨመረ። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩና ድርቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ይሞት ነበርን?

የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለዓለም ተማጽኖ አቅርቦ ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃና በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የመንግሥት ልብ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልና በገዢው ፓርቲ በኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ ተይዞ ነበር፤ አዲስ አበባ በመብራትና በቀይ ጨርቅ ስታጌጥ በኮረም፣ በባቲና በቆቦ ሰው ይሞት ነበር። ዓለም የነቃው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈውን ዘገባ አይቶ ነው። የሞተው ሰው ቁጥር ከአራት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። የንጉሡን መንግሥት የ1965ቱንና የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ደብቋል ብሎ ያወገዘና በዚያ ውግዘት ሥልጣን የያዘ መንግሥት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው በወሎ ላይ እንዲህ መሆኑን ይቅር ለማለት እኔ አቅም የለኝም።

ሰፈራው ሥራና መሬት ሰጥቷል ለሚለው፣ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጋምቤላ ተወስዷል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወሎ ሰው ነበር። ርቦት በፈቃዱ የሄደ አለ። ከገበያ፣ ከዕርዳታ መጠለያ፣ ከመንገድ ተይዞ የተጫነም ብዙ አለ። ባልና ሚስት በሁለት መኪና ሄደው ተለያይተው ቀርተዋል። ወባ የማያውቅ ደገኛ ቆላ ወርዶ በወባ አለቀ። በደረሱበትም የራሱን መሬት በራሱ በሬ የሚያርስ ገበሬ አልጠበቃቸውም፤ አብዛኛው በጋራ እርሻ ተሰልፎ የሚሠራና ድካሙ በነጥብ የሚቆጠርለት ሆነ። ጉሙዙና ሌላው የአካባቢው ነዋሪም ሳይጠየቅ መሬቱን ለቀቀ። ከዚያ ያመለጡ ሰዎች ሱዳን ገብተው ወይም በእግራቸው ተጉዘው ወደ ወሎ ተመልሰዋል፤ በመንገድ የቀሩትን ማንም አልቆጠራቸውም። ሥራና መሬት ያገኘ ሰው ሕይወቱን ለሞት አጋልጦ አይሸሽም።

የመጨረሻው ነጥብ ጦርነቱና የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ከ1977 እስከ 1986 ዓ.ም. ኢኮኖሚው በዓመት 6.5 በመቶ እንዲያድግ ያልማል። በዚያ መንግሥት ዘመን የተመዘገበው አማካይ ዕድገት በዓመት ከ2 በመቶ ብዙም አልራቀም፤ የሕዝቡ ቁጥር ግን ወደ 3 በመቶ በሚጠጋ ፍጥነት ይጨምር ነበር። ይህም ማለት የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ እየቀነሰ ሄደ ማለት ነው። ጦርነቱ ከመንግሥት መደበኛ በጀት ግማሽ ያህሉን ይበላ እንደ ነበር አልክድም። የኤርትራን ጦርነት ከንጉሡ ዘመን መውረሳቸውንም አልክድም። ነገር ግን ገበሬ ሰው እንዳይቀጥር፣ ነጋዴ ከአንድ በላይ ፈቃድ እንዳያወጣ፣ እህል ኬላ እንዳያልፍ ያዘዘው የትኛው ጦርነት ነው? እነዚህ በጠረጴዛ ዙሪያ ተመክሮባቸው የወጡ ፖሊሲዎች ናቸው።

ለዚህ ከማንም በላይ የሚያሳምነው ምስክር ፕሬዝዳንት መንግሥቱ ራሳቸው ናቸው። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚን አወጁ። የእህል ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሣ፣ የግል ካፒታል ገደብ ተነሣ፣ ሰው ቀጥሮ ማሠራት ተፈቀደ፣ ገበሬውም ከአምራቾች ማኅበር መውጣት እንደሚችል ተነገረው። ጦርነቱ በዚያን ጊዜ አላበቃም፤ እንዲያውም ከመቼውም ይልቅ በርትቶ ነበር። ግን ገበሬው ምን አደረገ? መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ እየተባሉ ደረጃ በደረጃ ሲገነቡ የኖሩት የአምራች ማኅበራት አብዛኛዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ሰዉ በሬውን ለይቶ፣ ድርሻውን ተካፍሎ ወደ ማሳው ተመለሰ። እህል ከጎጃም ወደ ወሎ እንደ ልብ መጫን ጀመረ። አንድም ጥይት ሳይቆም የተፈታ ችግር በጥይት አልተፈጠረም። ፕሬዝዳንቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ዐዋጁ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሆኖት ነበር።

ጸሐፊው ለዚህ ምላሽ መልስ ከሰጡ፣ በደስታ አነባለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ስለ ኮታው ቢጽፉልኝ እወዳለሁ፤ በ1977 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ለቀበሩ የወሎ አባወራዎች፣ የራሽኑ እህል ርካሽ የሆነው በማን ድካም እንደ ነበር በግልጽ ይንገሯቸው።